ሞንታርቦ ድምፅ አልሰጥም ያለ ጊዜ

እናቱ ያወጣችለት ስም መታወቂያው ላይ ብቻ ነው የቀረው። ሰፈሩ በሙሉ ሞንታርቦ ይለዋል፤ ሠርግ ቤት የሚቆመውን ያን ትልቁን ድምፅ ማጉያ ማለታቸው ነው። ስሙ የወጣለት ከሥራው ይሁን ከጉሮሮው ዛሬም ያከራክራል። በእርግጥ ድምፅ ማጉያና ማይክ ያከራያል፣ ሰው ያበላሸውንም ይጠግናል። ግን ያለ ማይክም ቢሆን ሲናገር የጎረቤት ሕፃን ከእንቅልፉ ይነሳል። ሚስቱ ስልክ ሲያወራ በሰማችው ቁጥር፣ «ስልኩን ዝጋውና እንዲሁ ተናገር፤ ሰውየው ይሰማሃል» ትለው ነበር።

ያን ጉሮሮ ያሠለጠነችው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና የወተት ጥርሱን አልጨረሰም፤ እሷ ለማግባት የደረሰች ልጅ ነበረች። አላገባችም። ገበያ ውስጥ የእናቷን መደብ ተረክባ ሽንኩርትና ቲማቲም መሸጥ ጀመረች። እሱን ሣጥን ላይ ታቆመውና «ጥራ!» ትለዋለች። «ሽንኩርት! የማያስለቅስ ሽንኩርት!» ብሎ ይጮኻል። ሰው እየሳቀ ይመጣል። ሽንኩርቱ ያስለቅሳል፤ ማንም ግን ተጣልቷቸው አያውቅም። በዚያ ሽንኩርት ተማረ፣ በዚያ ሽንኩርት የሬዲዮ ጥገና ኮርስ ወሰደ፣ በዚያው ሽንኩርት ዋናው መንገድ ዳር ያለችውን ጠባብ ሱቅ ከፈተ። እታለም ነው የሚላት። ከእሱ ሰምቶ ገበያተኛውም እታለም ማለት ለመደ።

ባለፈው ምርጫ ዋዜማ ገበያው ሊነሳ ነው የሚል ወሬ መጣ። ማዘጋጃ ቤቱ መናኸሪያው አጠገብ አዲስ አዳራሽ ሠርቶ፣ ቀድሞ ለተመዘገበ ነጋዴ ቦታ እሰጣለሁ አለ። ነጋዴው ልቡ ለሁለት ተከፈለ። አንዳንዱ ተመዘገበ። አንዳንዱ ደግሞ ደንበኛዬን ጥዬ የት እሄዳለሁ ብሎ አንገራገረ። በዚህ መሃል ነው መምህሩ ለተወካዮች ምክር ቤት እወዳደራለሁ ብሎ የተነሳው።

መምህሩ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ከሞንታርቦ በጥቂት ዓመት ይበልጣል፤ ግን አንድ መንደር ያደጉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ቴሌቪዥን ሥር ተፋፍገው ኳስ የሚያዩ፣ አንተ አንተ የሚባባሉ ናቸው። አንድ ቀን ሱቅ መጣና ባንኮኒው ላይ ተደገፈ።

«ገበያው አይነሳም» አለ። «እኔ ከገባሁ አንዲት ድንጋይ አትነካም። ማይክህን ብቻ አውሰኝ።»

ሞንታርቦ ማይኩን ብቻ አላዋሰውም። ሱቁን ዘግቶ ፒካፕ ላይ ወጣ። ቀኑን ሙሉ፣ ፀሐይ አናቱን እየበሳው፣ ከሰፈር ሰፈር ዞረ። «ገበያችን አይነሳም! መምህራችን ቃሉን አይበላም!» ይላል። ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ማንም ጽፎ አልሰጠውም፤ ራሱ የጨመራት ናት። ሰው መምህሩን ብዙም አያውቀውም ነበር። ሞንታርቦን ግን ያውቀዋል። የሠርጋቸውን ዘፈን ያሰማ፣ የሞቱባቸውን ሰው ቀብር ያስነገረ ድምፅ ነው። ያ ድምፅ አይነሳም ካለ አይነሳም።

የአዳራሹ ምዝገባ ሊያልቅ ሲል እታለም ጠየቀችው።

«እውነት ነው ወይስ ለቅስቀሳ ነው?»

«እኔ እያልኩሽ?» አላት።

አልተመዘገበችም። እሷ ሳትመዘገብ ስትቀር ያዩ በረድፏ ያሉት ሴቶችም ተዉት። ምርጫው ዕለት ሞንታርቦ የሠርጉን ኮት ለብሶ በማለዳ ተሰለፈ፤ ጣቱ ላይ የተቀባው ቀለም ቶሎ እንዳይለቅ ያችን ጣት ከውሃ እያራቀ ነበር የሚታጠበው። መምህሩ አሸነፈ። የገበያው ሴቶች እልል አሉ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ዶዘር መጣ።

ሰው ከዳር ቆሞ ነበር የሚያየው። መደቦቹ እንደ ካርቶን ተጣጥፈው ወደቁ። እታለም ሚዛኗንና አንድ ጆንያ ሽንኩርት ይዛ ወጣች፤ ሌላውን የዶዘሩ ሰንሰለት ጭቃ ውስጥ ለወሰው። ሞንታርቦ እዚያው ቆሞ መምህሩ ጋ ደወለ፤ ስልኩ አይነሳም። በማግስቱ ቢሮ ሄደ። ጸሐፊዋ ስብሰባ ናቸው አለችው። ሌላ ቀን ሲመለስ መስክ ናቸው አለችው። በመጨረሻ መምህሩ ከደረጃ ሲወርዱ ፊት ለፊት ገጠማቸው። ድሮ አንተ ይባባሉ ነበር። ያን ዕለት ግን የደረጃው ምንጣፍና ከኋላ ቦርሳ ይዞ የሚከተለው ሰው ተደማምረው አፉን ያዙትና «እርስዎ» አስባሉት።

«ገበያው ፈረሰ እኮ መምህር። እርስዎ አይነሳም ብለው ነበር።»

«የምችለውን አድርጌያለሁ ወንድሜ። ነገሩ ከእኔ በላይ ነው።»

«ያኔ ከእርስዎ በላይ ሰው እንዳለ አያውቁም ነበር?»

መምህሩ ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ወረዱ።

ቦታው በቆርቆሮ ታጠረ። ቆርቆሮው ላይ «በቅርብ ቀን» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተለጠፈ፤ ምኑ በቅርብ ቀን እንደሆነ ግን አልተጻፈም። ምንም አልተሠራበትም። ውስጡ አረም በቀለበት። የመናኸሪያው አዳራሽ ደግሞ ያኔ ሞልቷል። የተመዘገቡት ጣሪያ ሥር ገብተው ይነግዳሉ። ሞንታርቦን የሰሙት አስፋልት ዳር ሳፋ ዘርግተው ደንብ አስከባሪ በመጣ ቁጥር ሳፋቸውን ተሸክመው ይሮጣሉ። እታለም በዚያ ዕድሜዋ ሮጠች። አንድ ቀን ስትሮጥ የተከፈተ ቦይ ውስጥ ገባችና ጉልበቷ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ግን ጉልበቱ እንደ ድሮው አልታጠፍ አለ። ሳፋውም ቀረ። ሞንታርቦ ወደ ቤቱ አመጣትና ጓዳ በኩል ያለችውን፣ መስኮቷ ወደ ጓሮ የሚያየውን ክፍል ሰጣት።

አልተጣላችውም። አልሰደበችውም። ብቻ አታናግረውም።

ቤቱ ውስጥ የሚነጋገሩት በሚስቱ በኩል ነበር። ሦስቱም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እታለም ወደ ሚስቱ ዞር ትልና፣ «ንገሪው፤ የጓዳው በር ይንጫረራል፤ ዘይት ያድርግበት» ትላለች። እሱም፣ «ንገሪያት፤ ነገ አደርጋለሁ» ይላል። ሚስቱ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትሠራ ውላ እጇ በበረኪና ተልጦ ነው የምትመጣው። አንዳንዴ ይመራትና፣ «ተሰማምታችኋል አይደል? እንግዲያው እኔ ልተኛ» ብላ ትነሳለች።

ውጭም ያው ነው። ሱቁ ፊት የሚቆሙ ሰዎች፣ «ሞንታርቦ፣ ዛሬ ይዘንባል እንዴ?» ብለው ይጠይቁታል። «አይመስለኝም» ካለ፣ «በሉ ጃንጥላ ያዙ!» ይባባላሉ። መጀመሪያ አብሮ ይስቅ ነበር። በኋላ መሳቁ ደከመው። መምህሩን ማንም በዚያ ቀልድ አልነካቸውም። መምህሩ ሱቅ የላቸውም፤ መንገድ ዳር አይቆሙም።

ምርጫው እንደገና ሲቃረብ መምህሩ መኪናቸውን ሱቁ በር ላይ አቆሙ።

«ሞንታርቦዬ! ሸበትክ እኮ!»

«እርስዎን ግን ተመችቶዎታል።»

«ያለፈውን እንተወው» አሉ መምህሩ፣ ወንበር ሳይሰጣቸው ተቀምጠው። «ዘንድሮ ዋናው ነገር የወጣቱ ሥራ ነው። ድምፅህን እንፈልገዋለን።»

«የትኛውን? ሳጥን ውስጥ የሚገባውን ወይስ በማይክ የሚወጣውን?»

«ሁለቱንም ነዋ!» ብለው ሳቁ።

«አንዱንም አያገኙም።»

መምህሩ ሳቃቸውን ሰበሰቡ። በሱቁ ዙሪያ ዓይናቸውን አንከራተቱ፤ የተፈቱ ማጉያዎችን፣ የተጠቀለሉ ሽቦዎችን አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እህትህስ እንዴት ሆነች? ጉልበቷ ተሻላት?» አሉ።

«እህቴን ከአፍህ አውጣት» አለ ሞንታርቦ።

ከስንት ዓመት በኋላ አንተ አለው። ሁለቱም ሰሙት። መምህሩ ተነስቶ ኮቱን አስተካከለና፣ «ስታስብበት ትደውልልኛለህ» ብሎ ወጣ።

በዚያው ሳምንት ተፎካካሪውም መጣ። የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው፤ ጥሩ ጫማ ያደረገ፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር። ሞንታርቦ እስቲ ልሞክረው ብሎ፣ «ገበያው የነበረበትን ቦታ ምን ሊያደርጉት አሰቡ?» አለው።

«የቱ ገበያ?» አለ ሰውየው።

ሞንታርቦ ማይኩ እንደተበላሸ ነገረው።

ሚስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ሱቅ ስትመጣ ቆርጦ ነገራት፤ ዘንድሮ አልመርጥም። እንዲህ ያለውን ነገር ቤት አያወሩም። ምርጫ የሚባል ቃል እታለም ባለችበት ማንሳት፣ ሰው የሞተባት ሴት ፊት የገዳዩን ስም እንደመጥራት ነበር የሚቆጥሩት። ካርዱንም ቢሆን ያወጣው ሚስቱ ጨቅጭቃው ነው።

«ቤትህ ብትቀመጥ ማን ይጎዳል?» አለችው። «መምህሩ ነው የሚጎዳው? አንተ ያልመረጥክ ዕለት ነው ሰውየው እግሩን ዘርግቶ የሚተኛው።»

«መርጬውም ተኝቷል።»

«ሌላውን ምረጣ!»

«ሌላው ገበያው የት እንደነበር አያውቅም። ይኼኛው ያፈረሰውን ቢያንስ ያውቀዋል።» ሽቦውን በጥርሱ ላጠው። «በቃኝ። አንዴ በአፌ፣ አንዴ በጣቴ አጨበጨብኩለት። ከእንግዲህ አንዱንም አያገኙም። ቤቴ ቁጭ ብዬ ሬዲዮ እጠግናለሁ።»

«ቁጣህን ለሬዲዮ ስትነግረው ዋል እንግዲህ» ብላ የምሳ ዕቃዋን ይዛ ወጣች።

ምርጫው ሊደርስ ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሞንታርቦ አንድ አሮጌ ማጉያ ላይ ጎንበስ ብሎ ብየዳ እየሠራ ከመንገዱ በኩል ድምፅ ሰማ። «ውድ የአካባቢያችን ነዋሪዎች!» ይላል። ጥሩ ድምፅ ነው፣ ሞላ ያለ፣ ከሆድ የሚወጣ። ማነው ይኼ ብሎ ሊያደንቅ ሲል ብየዳው ጣቱን አቃጠለው። ድምፁ የራሱ ነው።

ተነስቶ በር ላይ ቆመ። ያው ዓይነት ፒካፕ፣ ያው ዓይነት ጨርቅ፣ የመምህሩ ፎቶ በጎን በጎኑ። ገበያችን አይነሳም የምትለዋን ቆርጠው አውጥተዋታል። የእሱን ጭማሪ ግን አልነኩም። «መምህራችን ቃሉን አይበላም!» ይላል ሞንታርቦ ከመኪናው ላይ። ሞንታርቦ ደግሞ በሱቁ በር ላይ አፉን ከፍቶ ቆሟል።

ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሉ መኪናውን ተከተለ። አንድ እጁ ላይ የብየዳ ብረቱ አለ። «አቁም! አቁም!» እያለ ሲሮጥ የጫማ ሰፊው ደንበኞች ተነስተው አዩት። «ኧረ ሞንታርቦ ራሱን እያባረረ ነው!» አለ አንዱ። መንገዱ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። መኪናው መብራት ላይ ሲቆም ደርሶ መስኮቱን ደበደበ።

ሹፌሩ መስታወቱን ዝቅ አደረገ። «ምን ሆኑ ጋሼ?»

«ይኼ የእኔ ድምፅ ነው!»

ሹፌሩ አንዴ እሱን፣ አንዴ ጣሪያውን አየ። «በጣም ያምራል» አለ ከልቡ። «እኔ ሹፌር ነኝ ጋሼ። የሰጡኝን ፍላሽ ነው የሰካሁት።» መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

የቅስቀሳ ቢሮው ሄደ። መምህሩ መስክ ናቸው። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠችው ልጅ በትሕትና አስረዳችው፤ ቅጂው ያኔ በፈቃደኝነት የተቀዳ ስለሆነ የቢሮው ንብረት ነው። «ሰውየው እኮ በሕይወት አለ! እዚህ ቆሟል!» አላት። ይቅርታ ጠየቀችውና የመምህሩ ፎቶ ያለበት ቲሸርት ሰጠችው። ልኩ ትልቅ ነው ብላ ነበር የመረጠችለት።

በማግስቱ የራሱን ማጉያ ሱቁ በር ላይ አወጣ። ማይኩን ይዞ፣ «ውድ ነዋሪዎች፣ በመኪና የምትሰሙት ድምፅ የእኔ ነው፤ ግን እኔ አይደለሁም!» አለ። ራሱም ሲሰማው ጆሮውን አሳከከው። እንደምንም ሊያብራራ ሲል ፒካፑ ከታች ብቅ አለ። መኪናው ላይ ያለው ማጉያ ይበልጣል። ሁለት ሞንታርቦ መንገዱ ላይ ገጠሙ፤ አንዱ አይበላም ይላል፣ አንዱ በልቷል ይላል። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ፖሊስ መጣ።

«የቅስቀሳ ፈቃድ አለህ?»

«እሱስ አለው?»

«እሱ አለው።»

«እሱ እኮ እኔ ነኝ!»

«እንግዲያው ሁለታችሁም በአንድ ፈቃድ አትጩኹ» አለ ፖሊሱና ሶኬቱን ራሱ ነቀለው።

የቀረው እግሩ ብቻ ነበር። ሱቁን በጊዜ እየዘጋ የድሮ ገበያተኞች ቤት ለቤት ዞረ። አንዳንዱ አመነው። አንዳንዱ ስንት ሰጡህ አለው። ድንች ትሸጥ የነበረች፣ ከእታለም ጎን መደብ የነበራት ሴት በሯን ገርበብ አድርጋ ሰማችው።

«ድምፁ ያንተ ነው አይደል?»

«ነው፤ ግን...»

«እንግዲያው አንተ ነህ» ብላ በሩን ዘጋችው።

በዚያ ሳምንት ቤት ውስጥ አንድ ነገር ተለወጠ። እታለም አሁንም አታናግረውም። ግን ማታ ሲገባ፣ «ንገሪው፤ ሻይ ፈልቷል፤ ሳይበርድ ይጠጣ» ትላለች። አንድ ቀን የኮቱ ቁልፍ ተሰፍቶ አገኘው። ሌላ ቀን ወንበሩ ላይ ትራስ ተደርጎለት ጠበቀው። ሞንታርቦ ሆዱ ባባ። የደረሰብኝን አይታ አዘነችልኝ ብሎ ነው ያሰበው። ይኼን ሁሉ ውርደት ያመጣሁት ለዚህች ለአንዲት ትራስ ከሆነ እንኳን አመጣሁት፣ አለ ለራሱ። ሚስቱ ስለ መኪናው ነግራታለች ብሎ ገመተ። ሚስቱ ደግሞ አገር ምድሩ የሳቀበትን ነገር ማን ያልሰማ አለ ብላ ዝም ብላለች።

ምርጫው ዕለት እታለም ሻሿን አስራ፣ የደህና ቀን ቀሚሷን ለብሳ፣ ካርዷን ይዛ ሳሎን ተቀምጣ ተገኘች። ሚስቱም ሞንታርቦም ካርድ ማውጣቷን አያውቁም ነበር፤ መዝጋቢዎቹ መንቀሳቀስ የማይችሉትን ሊመዘግቡ ቤት ለቤት የዞሩ ጊዜ ብቻዋን ነበረች።

«ንገሪው» አለች፤ «ጉልበቴ ብቻዬን አያደርሰኝም። ይዞኝ ይሂድ።»

ሚስቱ ወደ ሥራ ልትወጣ በር ላይ ናት። የሆስፒታል አንሶላ ምርጫ አለ ብሎ አይቆምም። የሞንታርቦን ካርድ ከመሳቢያ አውጥታ ኮቱ ኪስ ውስጥ ጨመረችው። «ባትጠቀምበትም ይዘኸው ውጣ» አለችና ሄደች። አስተርጓሚያቸው ከሄደች በኋላ ወንድምና እህት አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወረዱ። እሷ ቀስ ትላለች፤ እሱም ቀስ ይላል። ደክሟት ስትቆም ይቆማል።

ምርጫ ጣቢያው ትምህርት ቤት ነው። ሰልፉ አጥሩን ይዞ ይጠማዘዛል። እንደ እሷ እግሩ የማያስኬደውን ሰው አስቀድመው ስለሚያስገቡ አንዲት ታዛቢ መጥታ ክንዷን ተቀበለችው። ሞንታርቦ በሩ ላይ ቀረ። ሰልፍ ላይ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። «ሞንታርቦ፣ አትሰለፍም?» አሉት። «አልሰለፍም» አለ። ጠርዝ ላይ ቆሞ ሰዉን አየ። ሕፃን ያዘለች ሴት፣ የሥራ ልብሱን ያላወለቀ ግንበኛ፣ አንድ ሽማግሌ ካርዳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው። ድሮ እሱ እንደቆመ ነው የቆሙት፣ አንገታቸውን ሰግገው። ተናደደባቸው። ከዚያ ቀናባቸው። ከዚያ በቅናቱ ተናደደ።

እታለም ወጣች። ጣቷ ቀለም ነክቷል።

«ጨረስኩ» አለች።

ዞር ብሎ ለማን እንደነገረች ፈለገ። ከኋላው ማንም የለም።

መንገድ ሲጀምሩ እሷው ቀጠለች፤ በቀስታ፣ ወደ ፊት እያየች። «እንኳን ታረቃችሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ከመምህሩ ጋር ነዋ። መጀመሪያ መኪናውን ስሰማ ደግሞ ጀመረው ብዬ አንጀቴ አረረ። በኋላ ሳስበው፣ ወንድሜ ሞኝ አይደለም አልኩ። ያን ሁሉ አይቶ እንዲሁ አይመለስለትም፤ አንድ የጨበጠው ነገር ቢኖር ነው። ቦታውን ሊመልሱልን ነው አይደል?»

ሞንታርቦ ቆመ። ክንዷ ክንዱ ውስጥ ስለነበር እሷም ቆመች።

«እታለም፣ ማንን መረጥሽ?»

«እሱን ነዋ። አንተን ሰምቼ።»

 አገሩን የሚያነቃው ጉሮሮ ለዚያች ለአንዲት ሴት የሚበቃ ድምፅ አጣ። ሲነግራት በሹክሹክታ ነበር፤ ቅጂ ነው አላት፤ የድሮው ነው፤ እምቢ ብያቸው ነበር፤ ከመኪናው ኋላ ሮጫለሁ፤ ቤት ለቤት ዞሬ ነግሬያለሁ።

እታለም የአጥሩ ግንብ ላይ ተቀመጠች።  ጣቷን ምራቋን አስነክታ በቀሚሷ ጫፍ ቀለሙን ማሸት ጀመረች። ቀለሙ አልለቅም አለ። ቆዳው እስኪቀላ ፈተገችው።

«ገብቼ ላውጣው አይቻልም?»

«አይቻልም። አንዴ ከገባ ገባ።»

አሁንም ፈተገችው። ከዚያ ተወችው።

«ካርድህን ይዘሃል?»

«ኪሴ ውስጥ ናት።»

«ግባና የእኔን አጥፋልኝ።»

«እታለም፣ አልመርጥም ብያለሁ። ያኛውም እኮ...»

«አትምረጥ። ምረጥ መች አልኩህ? አጥፋልኝ ነው ያልኩህ።»

ሞንታርቦ ሰልፉ ጫፍ ላይ ሄዶ ቆመ። ፀሐዩ ወጥቷል። ከፊቱ ያሉት ሰዎች እየዞሩ አዩት፤ አንዱ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ፊቱን ሲያይ ዘጋው። ተራው ሲደርስ መዝጋቢዋ፣ «ጋሼ ሞንታርቦ! አይመጡም ሲሉን ነበር እኮ» አለችው። ወረቀቱን ይዞ መጋረጃው ኋላ ገባ። መምህሩ ከላይ አለ፣ በፎቶው ፈገግ ብሎ። ከሥሩ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው። ገበያው የት እንደነበር በማያውቀው ሰው ስም ፊት ምልክት አደረገ።   አጠፈው፣ ከተተው፣ ጣቱን ሰጠ፣ ወጣ።

እታለም እዚያው ግንቡ ላይ ናት።

«አጠፋህልኝ?»

«አጠፋሁልሽ።»

«እንግዲህ ሁለታችንም ቤታችን ብንውል ያው ነበር» አለችና እንዲያነሳት እጇን ሰጠችው።

ውጤቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። መምህሩ በሰፊ ልዩነት አሸንፈዋል፤ የአንድ ሰው ድምፅ መግባት መውጣቱ ምንም አይለውጥባቸውም። ፒካፑ ለምስጋና እንደገና ዞረ። እናመሰግናለን የሚል ቃል በድሮው ቅጂ ውስጥ ስላልነበረ ሌላ ሰው ነበር ያስቀዱት፣ አፍንጫው የታፈነ የሚመስል። የመምህሩ ፎቶ ያለበት ቲሸርት ሚስቱ ሆስፒታል ወስዳ የማጠቢያውን ወለል ታብስበታለች። ሞንታርቦ የሠርግና የቀብር ሥራውን ቀጠለ። ለሌላ ነገር ማይኬን አላከራይም ይላል፤ የሚጠይቀውም ሰው ቀንሷል።

እታለም ከዚያ ቀን ወዲህ ታናግረዋለች። ሚስቱ፣ «እንኳን ከዚህ ሥራ ተሰናበትኩ» አለች፤ ግን ደስታዋ ብዙ አልቆየም። ምክንያቱም እታለም የምታወራው በአብዛኛው አንድ ነገር ነው። በር ለበር ዞረህ ለሰው ሁሉ ስትናገር ለእኔ ለምን አልነገርከኝም ትለዋለች።

«አታናግሪኝም ነበራ» ይላል።

«ያላናገርኩህ እኔ ነኝ። አንተን ማን ከለከለህ?»

 መጠየቁን አልተወችም። ሻይ ሲቀርብ ትጠይቀዋለች፣ ጫማውን ሲያስር ትጠይቀዋለች። አንዳንዴ መልሱን እንኳን ሳትጠብቅ ግድግዳውን ተደግፋ ወደ ክፍሏ ትሄዳለች።